ክረምት የተከለከለበት ተራራ

ጭላት አምባን ከሩቅ ያየው ሁሉ የተኛ ሰው ይመስለዋል። የሕዝብ መኪና የሚቆምበት የታችኛው መንደር ግርጌ ይባላል። ነፋስ የማያጣው የላይኛው ሜዳ ደግሞ ራስጌ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ የጓሳ ሣርና የአስታ ቁጥቋጦ የለበሰውን ረጅም ተዳፋት ወገብ ይሉታል። ከወገብ ወደ ራስጌ ለመውጣት ግራና ቀኙ ገደል በሆነ ጠባብ የድንጋይ ጀርባ ላይ ማለፍ ግድ ነው፤ ስሙ ምላስ ነው። ስሞቹን ማን እንዳወጣቸው አይታወቅም። ያወጣቸው ሰው ስለ ተራራ ብቻ እያሰበ ነበር ለማለት ግን ይከብዳል።

ክረምት ሲገባ ጉም ከግርጌ ይነሳል፣ ወገብን ይሞላል፣ ምላስን ይሸፍንና እዚያው ይቆማል። ራስጌ አይደርስም። ራስጌ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ጉም የተፈለቀቀ ጥጥ ነው፤ ፀሐይ ያርፍበታል፣ ያምራል፣ ፎቶግራፍ ያስነሳል። ውስጡ ያለ ሰው ግን እጁን ዘርግቶ ጣቱን አያየውም። ሁለቱም ያዩትን ቢናገሩ ሁለቱም አልዋሹም። የጭላት አምባ ጣጣ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጉም ውስጥ ዝም ብሎ አይኬድም። ልማዱ እንዲህ ነው፤ የፊተኛው «አላችሁ?» ይላል፣ የኋለኞቹ «አለን!» ይላሉ። ምላስን ቀድሞ የተሻገረ ሰው ፊቱን አዙሮ ይጣራል፤ የቀሩት ድምፁን ይዘው ይሻገራሉ። ይህ ብቻ አይደለም። ከጉም ውስጥም ሆነ ከጉም በላይ የሰው ድምፅ የሰማ ሁሉ፣ ቤቱ እሳት ዳር ቢቀመጥም፣ ጉርሻ አፉን ቢሞላውም፣ ወጥቶ «አለን!» ማለት አለበት። ማን እንደተጣራ አይመርጥም፤ ምን እንደተባለም አይጠይቅም። ጉም ቃሉን በልቶ ድምፁን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ከወዲያ በኩል የተጮኸው ስድብ ይሁን ዘፈን፣ ልመና ይሁን ቁጣ፣ መልሱ ያው ነው።

ወገብ ላይ ጎን ለጎን የሚኖሩት አያ ቢምረውና አያ ስጦታው በጓሳ ድንበር ከተጣሉ ብዙ ዘመናቸው ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን ከተገናኙ አንዱ መንገድ ለቆ በእሾህ ውስጥ ያልፋል። በጉም ቀን ግን አንዱ ሲጣራ ሌላው ይመልሳል፤ ጉሙ ሲገፈፍ ኩርፊያው ካቆመበት ይቀጥላል። አንድ ቄስ ይህን ሰምተው «ታዲያ ታርቃችኋል ማለት ነው?» ቢሏቸው፣ አያ ቢምረው ተቆጥተው ነበር።

«እኔ ለእሱ መች መለስኩ? የመለስኩት ለጉሙ ነው።»

ትብለጥ ተወልዳ ያደገችው በእነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ጎረቤት ነው። ትምህርቱን ስትገፋበት ስኮትላንድ ድረስ ሄደች፤ እዚያ የተራራ አየር ጠባይ አጠናች። በተማረችበት ቦታ ሰው በክረምት፣ በበረዶው መሀል፣ ለደስታው ብሎ ኮረብታ ይወጣል። ለእነዚህ ሰዎች ሲባል በየማለዳው አንድ ባለሙያ ቀድሞ ይወጣና በረዶውን ረግጦ፣ ነፋሱን በፊቱ ተቀብሎ፣ እግሩ ያገኘውን ወርዶ ይጽፋል። ይህ ነገር ልቧን ወስዶት ነበር።

ስትመለስ ግን ሌላ ሰው ሆና መጣች። እዚያ ሳለች «እኛ ጋ እኮ» እያለች ትከራከር የነበረችው ልጅ፣ እዚህ ስትደርስ «እዚያ እኮ» ማለት ጀመረች፤ ብዙም ሳትቆይ ሁለቱንም ተጠራጠረች። ወንበር ላይ መርጋት አቃታት። ሻይ እንኳ ቆማ፣ በሩን እያየች ነው የምትጠጣው። እናት ብትኖራት «ምን ሆነሽ ነው?» ትላት ነበር። ያላት ግን ታላቅ ወንድም ብቻ ነው፤ አዛናው ይባላል፣ ሥራው ተራራ የሚወጡ ሰዎችን መምራት ነው። እሱ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም።

ሥራ ያገኘችው ከአቶ ዳምጠው ዘንድ ነው። አቶ ዳምጠው ተራራውን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙ፣ ድምፀ መልካም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። መኖሪያቸውም ቢሯቸውም ራስጌ ላይ ያለው ባለ ትልቅ መስኮት ቤት ነው። ወደዚያ የሚመጡት በተራራው ጀርባ በተጠረገው የመኪና መንገድ ነው፤ ያ መንገድ ወገብን አይነካም። በተሾሙ በመጀመሪያው ክረምት በመስኮቱ አዩና ተገረሙ። ፀሐይ ነው። ሰማዩ ሰማያዊ ነው። ከታች ጥጥ ተነጥፏል። «ታዲያ ይሄ ሕዝብ ክረምት ክረምት የሚለው የቱን ነው?» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭላት አምባ ክረምት የለሽ ተራራ ተባለ። ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው ተብሎ በትልቁ ተጻፈ። ግርጌ መግቢያ ላይ በተተከለው ጥቁር ሰሌዳ፣ ለተጓዦች የዕለቱ አየር በጠመኔ ይጻፋል፤ አንዳንድ ቃላት ግን እንዳይጻፉበት ተከለከሉ። ጉም «ነጭ አየር» ተባለ። ውርጭ «ንጹሕ ቅዝቃዜ» ሆነ። ጭቃው «ለስላሳ መንገድ» የሚል ስም ወጣለት። አንዲት እንግዳ «ሰዎቹ ለምን ይጮኻሉ? የጠፋ ሰው አለ እንዴ?» ብላ ብትጠይቅ ደግሞ፣ ምላስ አፋፍ ላይ ሌላ ማስታወቂያ ተሰቀለ፤ በተራራው ላይ መጣራት ክልክል ነው።

«በዚህ ተራራ ላይ የጠፋ ሰው የለም» ይሉ ነበር አቶ ዳምጠው፣ ፈገግ ብለው። «ታዲያ ማን ማንን ይጣራል?»

አንድ የተራራ መሪ በልማዱ ተጣራና የመሪነት መታወቂያውን ተቀማ። ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ የመለሰለት ገበሬ የጓሳ ማጨድ ፈቃዱን አጣ። ከዚያ ወዲህ ወገብ ጭጭ አለ። አቶ ዳምጠው ለአለቆቻቸው ሲናገሩ «በተራራው ጸጥታ ሰፍኗል» አሉ፤ ይህም እውነት ነበር።

የትብለጥ ሥራ ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ አይታ፣ ያየችውን ለግርጌዋ በረኛ በስልክ መንገር ነው። በተቀጠረች ማግስት አንድ ነገር ጠይቃ ነበር።

«አቶ ዳምጠው፣ ከመጻፌ በፊት እስከ ወገብ ልውረድና ልመለስ።»

«ወገብ ወርደሽ ምን ልታይ? ጉም ውስጥ እኮ ምንም አይታይም።»

«ለዚያ ነዋ የምወርደው።»

ሳቁ። ጥሩ ቀልድ ነው የመሰላቸው። «እኔ ዋሺ አላልኩሽም፣ ትብለጥ። የምታይውን ጻፊ ነው ያልኩሽ። ከመስኮቱ የምታይውን።»

እሷም ከመስኮቱ የምታየውን ጻፈች። በረኛዋ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ምላሳቸው ከጠመኔያቸው የሚቀድም ሴት ናቸው። የዘወትር ንግግራቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ?»

«አለሁ፣ ተመስገን። ሰማይሽስ እንዴት አደረ?»

«ጥርት ብሏል።»

«እሰየው። የእኔው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ ነው። እንግዲህ ልጻፈዋ… ጥ… ር… ት…» ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ሲያፏጭ በስልኩ ይሰማል። «መንገዱንስ?»

«ለስላሳ።»

«ልክ ነሽ። ትናንት አህያዬን እስከ ሆዷ ዋጣት። በጣም ለስላሳ ነው።»

ትብለጥ ስልኩን ዘግታ ትነሳለች። ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ትመላለሳለች። የጻፈችው ውሸት እንዳልሆነ ለራሷ ትነግራለች። ደጋግማ መንገር ማስፈለጉ ግን ይከነክናታል።

አዛናው አንድ ቀን እንግዶች አድርሶ ሲመለስ በሯን ሳያንኳኳ ገባ። የበግ ለምድ ቆቡ ላይ ጉሙ እንደ ጤዛ ተንጠልጥሏል።

«እህቴን ሩቅ አገር ሰደድኳት» አለ፣ መስኮቱን እያየ። «መስኮት ተምራ መጣች።»

«አያ፣ እኔ እኮ ጉም የለም አላልኩም።»

«አላልሽም። አለም አላልሽ።»

«የምጽፈው የሚታየውን ነው። ውሸት አልጻፍኩም።»

«ውሸትማ ብትጽፊ በተሻለ። ውሸት ቢሆን ሰው ይነቃበታል።» ቆቡን አራገፈ። «ሰሌዳሽ ጥርት ብሏል ካለ እኔ አልመራም ማለት አልችልም። ብል መታወቂያዬን ያነሱታል። ብጣራም ያነሱታል። ሰው ይዤ ምላስ ላይ እንደ ድዳ ነው የምሄድ። ከእንግዲህ በመንገድ ብታገኚኝ አላየሁሽም። ብትጠሪኝ አልሰማሁሽም።»

«ጉም ውስጥም?»

በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ዞር አለ።

«ጉም የታለና? አንቺ አይደለሽ ጥርት ብሏል ያልሽው» ብሎ ወጣ።

ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ በከፋበት ሳምንት፣ አቶ ዳምጠው የክረምት የለሹን ተራራ በዓል ደገሱ። ራስጌ ላይ ድንኳን ተተከለ፤ ከአስተናጋጆቹ አብዛኞቹ የወገብ ልጆች ናቸው። ድምፅ ማጉያ ተሰቀለ። ከባድ ከባድ እንግዶች በጀርባው መንገድ በመኪና መጡ። የበዓሉ ማሳረጊያ ግን በእግር የሚመጡት ነበሩ፤ ለእረፍታቸው ተራራ ለመውጣት የመጡ የከተማ አስተማሪዎች በወገብ አቋርጠው፣ ምላስን ተሻግረው፣ በእንግዶቹ ፊት ብቅ ይላሉ። በክረምት። ፀሐይ እየሞቃቸው። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይኖርም።

ጠዋት እትዬ ማንጠግቦሽ በስልክ የወትሮ ቀልዳቸውን አላወሩም።

«አስተማሪዎቹ እዚህ ናቸው። ወንድምሽ ነው የሚመራቸው። ዛሬ ያለው ጉም፣ ልጄ፣ የሚጨበጥ ነው። ሽታውም በረዶ በረዶ ይላል።»

«እትዬ፣ እንዳይወጡ ይበሏቸው።»

«እንዴት ብዬ? ሰሌዳው ጥርት ብሏል ይላል። ሰሌዳው ያንቺ ነው።»

«አያን ያገናኙኝ።»

በስልኩ የእግር ኮቴ፣ የጎማ ጫማም ጭቃ ላይ ሲላቀቅ ተሰማ፤ ከዚያ የእትዬ ማንጠግቦሽ ድምፅ ተመለሰ፤ ዝቅ ብሏል።

«ነገርኩት። አልሰማኋትም ይበሏት አለኝ።»

ትብለጥ ወደ አቶ ዳምጠው ሮጠች። ከረቫታቸውን እያስተካከሉ ነበር።

«አስተማሪዎቹ ይቆዩ። ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ብቻ ልቀይር።»

«የትኛውን?»

«ጥርት የሚለውን።»

ትከሻዋን ይዘው እንደ አባት በቀስታ ወደ መስኮቱ መሯት። «እይ። ምን ይታይሻል?»

«ሰማይ።»

«ጥርት ብሏል፣ አላለም?»

«ብሏል።»

«ታዲያ!» አሉ፤ ከረቫታቸውን ጨርሰው ወጡ።

በዓሉ አማረ። ሙዚቃው ተጫወተ፤ ምግቡ ቀረበ። እንግዶቹ ጥቁር መነጽር አድርገው አፋፉ ላይ እየቆሙ ከጥጡ ጋር ፎቶግራፍ ተነሱ። እኩለ ቀን ሲያልፍ ከእግራቸው በታች የሆነ ነገር አጉረመረመ። አንዱ እንግዳ ከባድ መኪና መሰለው፤ ሌላዋ ከበሮ ነው አለች። ነጎድጓድ ከራስ በላይ እንጂ ከእግር በታች ሰምተው አያውቁም። ትብለጥ ግን አየችው። ጥጡ መሀሉ ላይ ጠቆረ። ከዚያ መልሶ ነጣ፤ ይህ ሁለተኛው ንጣት የጉም አልነበረም። በረዶ ነው። ወገብ ላይ በረዶ ወርዶ መንገዱንና ገደሉን አንድ ቀለም ቀብቷቸዋል።

አስተማሪዎቹ መድረስ የነበረባቸው ሰዓት አለፈ። አቶ ዳምጠው በድምፅ ማጉያው «በእግራቸው የሚመጡት እንግዶቻችን የተፈጥሮውን ውበት እያደነቁ ዘግይተዋል» አሉ። ተጨበጨበ። ሌላ ሙዚቃ ተጫወተ። አሁንም አልመጡም። አስተናጋጆቹ አፋፍ አፋፉን እያዩ ሳህን ያነሳሉ፤ ከመካከላቸው ወገብ ላይ ቤተሰብ የሌለው የለም፤ አንዳቸውም ግን ቃል አልተነፈሱም።

ትብለጥ ወደ አፋፉ ሄደች። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ልማዱን ከተወች ብዙ ጊዜዋ ነው፤ በሰው አገር ማን ማንን ይጣራል፣ እዚህም ተከልክሏል። ደግሞስ ማን ይመልሳል? ወንድሟ አልሰማሁሽም ብሏል። ሌሎቹ ፈርተዋል። ልማድ ደግሞ የሚኖረው አፍ ውስጥ ነው፤ አፍ ከተዘጋ የት ይቀመጣል? ይህን ሁሉ ተጠራጠረች። ከዚያ እየተጠራጠረች ጮኸች።

«አላችሁ?»

ሙዚቃው የቆመ መሰለ። ሰው ሁሉ ዞረ። አቶ ዳምጠው ፈገግታቸውን ሳይለቁ በፈጣን እርምጃ ደረሱ።

«ትብለጥ፣ እንግዶቹ ይደነግጣሉ።»

«ይደንግጡ።»

«ማን ጠፋና ነው?»

«እሱን ነው የምጠይቀው» አለችና መልሳ፣ ከበፊቱ አጥብቃ፤ «አላችሁ?»

ጥጡ ዝም አለ። ፀሐይ ላዩ ላይ ያበራል። ከሁሉም ከባድ የሆኑት እንግዳ ተጠግተው መጡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ቁልቁል አዩ፤ ከልባቸው ግራ ተጋብተው በትልቅ ድምፅ ጠየቁ፤

«እዚያ ውስጥ ሰው አለ እንዴ?»

«አለን!»

የመጣው ከግራ በኩል፣ ከታች፣ ከጥጡ ሆድ ውስጥ ነው። የተናደደ የሽማግሌ ድምፅ ነው። ትብለጥ በአንዴ ለየችው፤ አያ ቢምረው ናቸው። የጓሳ ፈቃድ ነጠቃውንም፣ ማስታወቂያውንም፣ ክረምቱን ሙሉ ቤታቸው ቁጭ ብለው ያመቁትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የወረወሩት ይመስላል። ጥቂት እንኳ ሳይቆይ፣ በጠላታቸው መበለጥ አይፈልጉምና፣ አያ ስጦታው ከጎን «አለን!» አሉ። ከዚያ ሌላ ቤት። ከዚያ የሴት ድምፅ። ከዚያ በጣም ከታች፣ እንደ ክር የቀጠነ። ወገብ ከዳር እስከ ዳር ተናገረ።

እንግዳው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ይህን ሁሉ ጊዜ ጥጥ ላይ ሳይሆን ሰው ላይ ቆመው ፎቶግራፍ የተነሱ መሰላቸው።

አንዱ አስተናጋጅ ሳህኑን ሣሩ ላይ አስቀመጠ። ወደ አፋፉ መጥቶ ከትብለጥ ጎን ቆመና ተጣራ። ሌላዋ ሽርጧን ሳትፈታ ተከተለችው። የአቶ ዳምጠው ፈገግታ በዚህ ጊዜ አለቀ። ወደ ድንኳኑ ተመልሰው ድምፅ ማጉያውን ነጠቁ።

«ጸጥታ!» አሉ። ድምፁ በተራራው ላይ ተንከባለለ። «ዝም በሉ! መጣራት ክልክል ነው!»

«አለን!» አለ ወገብ።

«ዝም በሉ ነው የምለው!»

«አለን!»

አቶ ዳምጠው ልማዱን ጠንቅቀው አያውቁትም ነበር። ጉም ቃል እንደሚበላ፣ ድምፅ እንጂ ትእዛዝ እንደማያሳልፍ የነገራቸው ሰው የለም፤ ቢነገራቸውም በመስኮቱ የሚታይ ነገር አልነበረም። ዝም በሉ ባሉ ቁጥር ተራራው መለሰላቸው። ይበልጥ ተቆጡ፤ ይበልጥ ጮኹ፤ ይበልጥ ተመለሰላቸው። በዚያ ተራራ ላይ ከዚያ በፊት እንዲህ በኃይል የተጣራ ሰው አልነበረም።

በዚህ መሀል ነው ከምላስ በኩል፣ በጣም ከቅርብ፣ የደከመ ድምፅ የተሰማው።

«አለን!»

ትብለጥ ወደ ድምፁ ዞረች። የአዛናው ድምፅ ነው።

ኋላ አስተማሪዎቹ እንደተናገሩት፣ በረዶው ሲጀምር ምላስ መግቢያ ላይ ደርሰው ነበር። ከፊታቸው ያለው መንገድ ይሁን ገደል የሚለይ ጠፋ። አዛናው በአንድ ጋቢ ጫፍና ጫፍ አያይዞ፣ ቁጢጥ አስቀምጦ «ድምፅ ሳልሰማ እርምጃ የለም» አላቸው። ተቀመጡ። ቅዝቃዜው ወደ አጥንት ገባ፤ አንዷ አስተማሪ እጇ መጨበጥ አቃተው። «ማን ይጣራል ብለህ ነው የምትጠብቀው?» ሲሉት ጋቢውን አጠበቀ። ከዚያ አንድ ቀጭን የሴት ድምፅ መጣ፤ አዛናው ሰምቶ ከንፈሩን ነከሰ። ደግሞ መጣ። ከቀኝ አያ ቢምረው፣ ከግራ ቀጥለው አያ ስጦታው ሲመልሱ ገደሎቹ የት እንዳሉ ታወቀ። ከዚያ ከፊት ለፊት፣ ከላይ፣ አንድ ወፍራም ድምፅ ያለማቋረጥ ይጮኽ ጀመር። ምን እንደሚል አልሰሙም። አቅጣጫው ግን እንደ ገመድ የተወጠረ ነበር። አዛናው ተነሳና «ያን ድምፅ ያዙ» አላቸው። አቶ ዳምጠው ዝም በሉ እያሉ፣ አንድ በአንድ አሻገሯቸው።

ከጥጡ ውስጥ መጀመሪያ የበግ ለምድ ቆብ ወጣ። ቀጥሎ ጋቢው፣ ጋቢውን የያዙ እጆች፣ ከንፈራቸው የጠቆረ ሰዎች። ቅንድባቸው ላይ በረዶ አለ። ከእንግዶቹ አንዳንዶቹ፣ በዓሉ የሚጠይቀው ይህ መስሏቸው፣ አጨበጨቡ፤ ፊታቸውን ሲያዩ እጃቸውን አወረዱ። አቶ ዳምጠው ድምፅ ማጉያውን እንደያዙ ቀሩ። ከአስተማሪዎቹ በዕድሜ ገፋ ያሉት ቀጥ ብለው ወደ እሳቸው ሄዱና፣ በሁለት እጃቸው እጃቸውን ጨበጡ።

«እግዜር ይስጥልን። ሳያቋርጡ ባይጣሩልን ኖሮ አልቀን ነበር።»

አቶ ዳምጠው አፋቸውን ከፈቱ። ምን ይበሉ? አልተጣራሁም ቢሉ የሰማ ሁሉ እዚያ ቆሟል። ተጣርቻለሁ ቢሉ ማስታወቂያው ላይ ስማቸው ተፈርሞበታል።

አዛናው በእህቱ አጠገብ ሲያልፍ ቆም አለ። ፀሐይ ውስጥ ናቸው፤ በልማዱ ከሆነ ኩርፊያው ካቆመበት መቀጠል ይችላል። አላያትም። ቆቡን አውልቆ በረዶውን አራገፈ።

«ድምፅሽ ሻክሯል» አለ።

«አልሰማሁሽም ብለህ አልነበር?»

«አንቺን መች ሰማሁ? የመለስኩት ለጉሙ ነው።» ከዚያ ከንፈሩ ዳር ፈገግታ ብልጭ አለች። «የዚያ ሰውዬ ድምፅ ግን… አቤት ድምፅ! መታወቂያውን ይቀሙት ይሆን?»

የሰውዬውን ማንም አልቀማም። የእሷን የመስኮቱን ክፍል ቁልፍ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀበሏት። አቶ ዳምጠው ራሳቸው ናቸው የተቀበሏት፤ አልተቆጡም፤ ድምፃቸው አልቆ ስለነበር በእጃቸው ብቻ ነው ያመለከቷት። ሻንጣዋ ቀላል ነበር። ሲሄዱ ከአፋፉ ላይ አንድ ጊዜ ዞራ አየች፤ ሰማዩ ዛሬም ጥርት ብሏል። ከዚያ ከወንድሟ ኋላ ጉሙ ውስጥ ገባች።

እስኪወርዱ ድረስ መንገዱን ሙሉ ተጣሩ። ማስታወቂያው ሥር ሲያልፉ አዛናው ጠጋ ብሎ፣ ጮክ ብሎ፣ ቃል በቃል አነበበላት፤ «መጣራት! ክልክል! ነው!» ከግራም ከቀኝም «አለን!» ተባለ። ትብለጥ ምላስ መሀል ላይ ሳቀች፤ ከተመለሰች ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። እግሯ ጭቃውን፣ በረዶውን፣ የጓሳውን ጉብታ አንድ በአንድ እያገኘ ነው። አሁንም ብዙ ነገር ትጠራጠራለች። እግሯ ሥር ያለውን ግን አልተጠራጠረችም።

በማግስቱ ማለዳ ግርጌ በር ላይ እትዬ ማንጠግቦሽ ጠመኔያቸውን ይዘው ሰሌዳው ፊት ቆመዋል። ስልኩ አልጮኸም። ከጉሙ ውስጥ አንዲት ሴት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ስትመጣ አዩ። ገና ጎህ ሲቀድ ወደ ወገብ ወጥታ መመለሷ ነው።

«እንዴት አደርሽ፣ ልጄ? ዛሬስ ሰማዩ ምን አለ?»

«ሰማዩን አላየሁትም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

ትብለጥ ነገረቻቸው። እትዬ ማንጠግቦሽ ጠመኔውን አንስተው ቆሙ። ዙሪያቸውን አዩ፤ የሚታይ ነገር አልነበረም።

«ያጠፉታል እኮ።»

«ያጥፉት። ነገም ጉም ነው፤ ነገም እንጽፈዋለን።»

ሴትዮዋ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የትናንቱን ጥርት ያለ ሰማይ በመዳፋቸው ጠረጉት። ከዚያ በትልልቅ ፊደል፣ ከሩቅ ለሚመጣ ተጓዥ እንዲታይ፣ ጠመኔው እያፏጨ ጻፉ፤

«ክረምት ነው። ጉም አለ። እኛም አለን።»